ለተጠቃሚ የሚመች የኮምፒውተር ሥርዓት ስለ መንደፍ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሶፍትዌር የሚሠሩ፣ የሚያሠሩና የሚገዙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሉ ከላይ፣ አስቸጋሪው ከታች ተቀምጧል።

ተጠቃሚን ማዕከል ያደረገ ንድፍ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሥርዓቱ ከመሠራቱ በፊት ማን እንደሚገለገልበት፣ ምን ሊሠራበት እንደሚፈልግና በምን ዓይነት ቦታ ሆኖ እንደሚሠራ አውቆ መነሣት ነው። ከዚያም ሥራው እየተሠራ ሳለ እነዚያኑ ሰዎች መሞከሪያ ላይ አስቀምጦ ማየትና በታየው መሠረት ማረም ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአንድን ሥርዓት ለአጠቃቀም መመቸት በ3 ነገሮች ይለካዋል፦ ሰዎቹ ያሰቡትን ከዳር ማድረሳቸው፣ ለዚያ የፈጀባቸው ጊዜና ድካም፣ እርካታቸው። በትርጓሜው ውስጥ እኔ አጥብቄ የምይዘው ግን ልኬቱ ሁልጊዜ ለታወቁ ተጠቃሚዎች፣ ለታወቀ ተግባርና ለታወቀ ሁኔታ መሆን አለበት የሚለውን ነው። «ይህ ሶፍትዌር ቀላል ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ለማን፣ የት ሆኖ ብዬ እጠይቃለሁ። ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ የሒሳብ ሠራተኛ የቀለለ ገጽ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ እህል እየመዘነ ለሚመዘግብ ሰው ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ታዲያ ገጹን ከማሳመር በምን ይለያል?

ቀለሙና ቅርጹ የመጨረሻው ቅብ ነው። ቤቱ ሲሠራ በሩ በተሳሳተ በኩል ከተከፈተ ቀለም አያቀናውም። አንድ የምዝገባ ቅጽ 40 ጥያቄ ካለውና መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ በእርግጥ የምትፈልገው 6ቱን ብቻ ከሆነ፣ የተቀሩትን 34 ማስዋብ ተሰላፊውን ከማስቆም አያድነውም። ንድፉ የሚጀምረው የትኞቹ ጥያቄዎች ይቅሩ ከሚለው ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ቢያንስ 2 ሥር አለው። አንዱ በስካንዲኔቪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌያዊው የኮምፒውተር ሊቅ ክሪስተን ኒጎርድ ከአገሩ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ኮምፒውተር እንዴት መሆን እንዳለበት ሠራተኞቹ ራሳቸው አጥንተው ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ሠርቷል። ይህ ልማድ ከአፓርታይድ ፍጻሜ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የጤና መረጃ ሥራ ገባ፤ ከዚያም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት ወለደ። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም ለሪፖርት ይጠቀምበታል፤ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠርም ይቀበላል። የኖርዌይ ብረት ሠራተኞች ጥያቄ ዛሬ እኛ ጤና ጣቢያ ድረስ ደርሷል ማለት ነው፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሌላው ሥር አሜሪካ ነው። ተመራማሪዎቹ ጆን ጉልድና ክሌይተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጽሑፍ 3 መርሖችን አስቀመጡ፦ ከመጀመሪያው በተጠቃሚዎቹና በሥራቸው ላይ ማተኮር፣ በሰዎች ላይ ሞክሮ መለካት፣ ደጋግሞ ማረም። ጉልድና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ኩባንያው በአይ.ቢ.ኤም. ይህንኑ በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይ በተግባር አውለውት ነበር። አትሌቶች በስልክ የድምፅ መልእክት የሚቀባበሉበትን ሥርዓት ሲሠሩ ሶፍትዌሩን ከመጻፋቸው በፊት የተጠቃሚውን መመሪያ ጽፈው ለሰዎች አስነበቡ፤ ናሙናውንም መተላለፊያ ላይ አቁመው አላፊ አግዳሚው እንዲነካካው አደረጉ። የሚያሳዝነው፣ ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ከውድድሩ ስለቀረች የእኛ አትሌቶች አልሞከሩትም።

ሰው ሲሳሳት ሥልጠና መስጠት አይበቃም?

አይበቃም። የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1992 አምቡላንሶችን የሚመድብ አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ እያንዳንዱ መኪና የት እንዳለና ምን እየሠራ እንደሆነ በትክክል እንዲያውቅ ሾፌሮቹ ቁልፎችን በቅደም ተከተል መጫን ነበረባቸው። በችግር ውስጥ ያለ ሰው ጋ የደረሰ የአምቡላንስ ሠራተኛ ደግሞ ቀድሞ የሚዘረጋው ቃሬዛውን ነው። ቁልፎቹ ተዘለሉ፣ በአንዳንድ ሠፈር ሬዲዮው አልያዘም፤ ኮምፒውተሩ መኪኖቹ የት እንዳሉ ጠፋበት፤ ለአንድ ጥሪ 2 መኪና ላከ፣ ለሌላው ማንንም ሳይልክ ቀረ። የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ተደራርበው ከኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ እየወጡ ተሰወሩ። የዘገየባቸው ሰዎች እንደገና ሲደውሉ ጭንቅንቁ ባሰ። በማግስቱ ወደ ከፊል የእጅ አሠራር ተመለሱ።

ሠራተኞቹ ሠልጥነው ነበር፤ ነገር ግን ሥልጠናው ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ ከብዙ ጊዜ በፊት ስለተሰጠ ተረስቶ ነበር። ሥልጠና የሚጠቅመው ሥራው ራሱ ከባድ ሲሆን ነው፤ ሥራው ቀላል ሆኖ ሳለ ገጹ ከባድ ከሆነ መታረም ያለበት ገጹ ነው። በእኔ ልማድ፣ አንድ ስሕተት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ላይ ካየሁት የሥርዓቱ ስሕተት ብዬ እመዘግበዋለሁ።

ከየት ልጀምር? ሰዎቹን ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ከመጠየቅ በፊት አጠገባቸው ይቀመጡ። በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ 3 ቀን ተቀምጬ ነበር። ሠራተኛዋን «በሲስተሙ ላይ ያስቸገረሽ ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቃት «ኧረ የለም፣ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። ይሉኝታ ነው። እኛ አገር እንግዳን፣ በተለይም ሥራውን ይዞ የመጣን ሰው፣ ፊት ለፊት «ሥራህ አይረባም» የሚል ጥቂት ነው። በ2ኛው ቀን ግን ከኮምፒውተሩ ጎን በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ደብተር አየሁ። ገጾቹ በፊደል ተራ ተከፋፍለዋል፤ በ«መ» ስር የሚጀምሩ ስሞች አንድ ላይ፣ በ«ሰ» ስር ያሉት አንድ ላይ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የካርድ ቁጥርና «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ»፣ «የመምህሩ ልጅ» የሚል ምልክት አለ።

ያ ደብተር ለእኔ ከማንኛውም የጥናት ሰነድ በላይ ነበር። ሥርዓቱ ሰውን የሚፈልገው በካርድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ታካሚው ደግሞ ቁጥሩን አያስታውስም። ሥርዓቱ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ ሰዉ ቤቱን የሚያውቀው በወፍጮ ቤቱ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ተሰላፊውን «ሲስተም የለም» ብሎ ላለመመለስም ደብተሩ አለ። ከኮምፒውተር ጎን ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ጠረጴዛ ስር የተጻፈ ቁጥር ባዩ ቁጥር ሥርዓቱ ያጎደለውን ሰው በእጁ እየሞላ መሆኑን ይወቁ።

ጥያቄ ማቅረብ ካለብዎ ስለ ወደፊቱ አይጠይቁ። «እንዲህ ዓይነት ነገር ብንሠራ ይጠቀሙበታል?» ለሚል ጥያቄ ሁሉም አዎ ይላል። «ትናንት የመጨረሻው ታካሚ ሲመጣ ምን አደረግሽ? እስቲ አሳዪኝ» የሚለው ግን እውነተኛ መልስ ያመጣል።

የስም፣ የቀንና የሰዓት ነገር ይህን ያህል ያስቸግራል?

ለኢትዮጵያውያን ከሚሠሩ ሥርዓቶች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሰበሩት እነዚህ 3ቱ ናቸው። ከስም እንጀምር። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ስሙ አበበ ነው፤ ከበደ አባቱ ናቸው። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ያለው ሥርዓት «ውድ አቶ ከበደ» ብሎ ሲጽፍለት የጠራው አባቱን ነው። ሚስቱ በትዳር ስሟን አትለውጥም፣ የሴት ልጁ የአባት ስም ደግሞ አበበ ነው፤ 3ቱም አንድ ቤት እየኖሩ በ«ቤተሰብ ስም» አይገናኙም። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን በየትምህርት ቤቱና በየአውሮፕላን ማረፊያው ሲያስረዱ ይኖራሉ። ስሙን በባዶ ቦታ የሚቆርጥ ፕሮግራም ደግሞ ኃይለ ማርያምን ለሁለት ከፍሎ «ማርያም»ን አባት ያደርጋል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ 3 ሳጥኖች ያድርጉ፤ በውስጣቸው ባዶ ቦታ ይፍቀዱ፤ ሲጠሩ በመጀመሪያው ይጥሩ።

ቀኑ ላይ የተለመደው ስሕተት የፈረንጁን ሳጥን እንዳለ ወስዶ የእኛን ወር ስም መለጠፍ ነው። ያኔ ጥቅምት 30 አልገባም ይላል፤ ለማሽኑ 2ኛው ወር 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜንም አይኖርም፣ ወር ከ12 አይበልጥምና። ልዩነቱን አንድ ቋሚ ቁጥር ደምሮ መለወጥም አይሆንም፤ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሲሆን መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ላይ ነበር። ቀኑን በውስጥ በአንድ አቆጣጠር አስቀምጠው ለሰው ሲያሳዩ በታወቀ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ጽፈው ባዘጋጁት የኮድ ስብስብ) ይለውጡት። የልደት ቀን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቀኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ካልሞላህ አላልፍም ካለ መዝጋቢው መስከረም 1 ብሎ ያልፋል። በኋላ መረጃው ሲታይ የሠፈሩ ግማሽ በእንቁጣጣሽ የተወለደ ይመስላል። ዕድሜን በግምት መመዝገብ ይፍቀዱ፣ ግምት መሆኑም ይታወቅ።

ሰዓቱ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ቀጠሮ የሚያበላሸው ግን እሱ ነው። «ቀጠሮዎ 9:00 ነው» የሚል መልእክት የደረሳቸው እናት ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ይመጣሉ፤ ሐኪሙ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲጠብቃቸው ውሏል። ቁጥሩን ብቻ አይላኩ፤ ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ ይበሉ። የሌሊት አውቶቡስ ወይም በረራ ከሆነ ደግሞ ያ የተወደደ አባባል አለን፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት»። አንድም ሰው ቀኑን አይስትም።

ገጹን ወደ አማርኛ መተርጎም አይበቃም?

መተርጎም ጥሩ ነው፤ ግን ቃሉ ሰዉ በአፉ የሚለው ካልሆነ እንግሊዝኛውን ሳይቀር ያስመኛል። ሰው «ብር ላክ» ሲል ገጹ «የገንዘብ ዝውውር ትእዛዝ አስጀምር» ካለው ይፈራል። ቃላቱን ከመተርጎሚያ መዝገብ ሳይሆን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያዳምጡ። አማርኛ የሁሉም አፍ መፍቻ እንዳልሆነም አይርሱ፤ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪውን በራሱ ቋንቋ ማስተናገድ የንድፉ አካል ነው።

ፊደሉም የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ደረጃ) ውስጥ ስላለ ማሳየቱ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ ለሰው አንድ ስም ሲሆኑ ለማሽኑ 3 ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ፍለጋው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተደረገ ታካሚው አልተገኘም ተብሎ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞ የሕክምና ታሪኩም ሌላ ካርድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የሰውየው ስም ሲታይ ግን እሱ በጻፈው ፊደል ይታይ፤ የራስን ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ማየት ቅር ያሰኛል።

የጽሑፍ መልእክት ሲልኩም አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ሆሄ ብቻ እንደሚይዝ ያስቡ። 71ኛው ሆሄ ሲመጣ ሁለት መልእክት ይሆናል፣ ክፍያውም እንዲሁ። ስለዚህ ዋናው ነገር፣ ቀኑ ወይም የብሩ መጠን፣ ከፊት ይምጣ፤ ሰላምታው ይጠር።

ስማርት ስልክ ለሌለው ሰውስ?

ኮከብና መሰላል ያለበትን አጭር ቁጥር ደውሎ በቁጥር የሚመረጥ ዝርዝር አሁንም ለብዙ ሰው ዋናው በር ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሥራ ሲጀምር ከመተግበሪያው ጎን በ*127# መገልገል የተቻለውም ለዚህ ነው። የዚህ መንገድ ጭንቅ ጊዜው ነው፤ መልስ ከዘገየ ይዘጋል።

አንዲት አሮጊት እናት ለልጃቸው ብር ሲልኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቁጥሩ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ በመቀነታቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ዝርዝሩን ከፍተው፣ ምርጫቸውን ነክተው፣ «የተቀባይ ስልክ ቁጥር ያስገቡ» ሲላቸው መቀነቱን መፍታት ጀመሩ። ወረቀቱ ሲወጣ መነጽሩ ቀረ። መነጽሩ ሲገኝ ስልኩ ተዘግቷል። 3 ጊዜ ሞክረው በመጨረሻ ከጎረቤት ሱቅ ያለው ልጅ ላከላቸው፤ የምስጢር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ነግረውት። ደጋግሞ የሚላክለት ሰው ቁጥር ከላይ በስሙ ቢቀመጥላቸው፣ ከአንድ ቁጥር በላይ መንካት ባላስፈለጋቸው፣ ምስጢራቸውም በራሳቸው ዘንድ በቀረ ነበር።

ገንዘብም ጊዜም የለኝም። ስንት ሰው ላይ ልሞክር?

ከ5 ሰው ይጀምሩ። ተመራማሪዎቹ ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ስሌት አንድ ተሞካሪ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ካወጣ፣ 5 ሰዎች ወደ 85 በመቶ ያወጣሉ። ይህ ግን አንድ ዓይነት ሰዎችና አንድ ዓይነት ሥራ ሲሆን ነው። ነጋዴውም ገበሬውም ተማሪውም የሚጠቀምበት ከሆነ ከየወገኑ ጥቂት ጥቂት ሰው ያስፈልጋል። የቢሮ ባልደረባዎ አይቆጠርም፤ ሥርዓቱ ሲሠራ አይቷልና።

ለመሞከር የተሠራ ሶፍትዌር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ስዊድንና ዴንማርክ ውስጥ የጋዜጣ ገጽ ሠራተኞችን ይዞ በተካሄደው ዩቶፒያ በተባለው ፕሮጀክት ማተሚያው ባዶ ካርቶን ሆኖ ላዩ ላይ ስሙ ተጽፎበት ነበር። እርስዎም ገጾቹን በወረቀት ሥለው «እዚህ ጋ ምን ይነካሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ ሲነኩ ቀጣዩን ወረቀት ያስቀምጡ። የወረቀት ሌላ ጥቅሙ ሰው አይፈራውም፤ ያለቀ የሚመስል ነገር ላይ የማይሰነዘር ትችት በእርሳስ የተሣለ ላይ ይሰነዘራል። ሲሞክሩ ዝም ይበሉ። ሰውየው ሲደናገር ጣትዎ ወደ ቁልፉ ከሄደ ሙከራው አበቃ።

የሚከፍለው አለቃው፣ የሚጠቀመው ሌላ ሰው ሲሆንስ?

ይህ እውነተኛ ግጭት ነው፤ በጨዋነት አይፈታም። አለቃው ሪፖርት ይፈልጋል፣ ሪፖርቱ ብዙ ሳጥን ይፈልጋል፣ ሳጥኑን የምትሞላው ሠራተኛ ደግሞ ከፊቷ 60 ሰው ተሰልፏል። ሳጥኖቹን ግዴታ ካደረጓቸው ትሞላቸዋለች፤ የምትሞላው ግን የመጣላትን ነው። አለቃውን የማሳምነው በዚሁ በኩል ነው፦ ከመረጃው ውስጥ መስከረም 1 የተወለዱትን ቆጥሬ አሳየዋለሁ። ሪፖርቱ የተሠራበት ጭቃ መሆኑን ሲያይ ሳጥን ለመቀነስ ይስማማል። ከተቻለ ደግሞ አንድ ጠዋት መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ከሠራሁት ማቅረቢያ ሁሉ ያ ጠዋት ይበልጣል።

ሠራተኞቹ የይለፍ ቃል ይጋራሉ። የተጠቃሚውን ምቾት ወይስ ደኅንነቱን ላስቀድም?

መጀመሪያ ለምን እንደሚጋሩ ይዩ። እኔ ባየሁት አንድ መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃሉ በፕላስተር ተጽፎ ከኪቦርዱ ስር ተለጥፎ ነበር። ኃላፊው ቸልተኝነት ነው አለ። ተረኛ ሲቀያየር ግን ከአንዱ ሠራተኛ ወጥቶ ወደ ሌላው ለመግባት 2 ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር፤ በመሀል ተገልጋዩ ያጉረመርማል። ቃሉም በየወሩ እንዲቀየር ስለተገደደ የሚያስታውሰው የለም። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የመሰረቅ ምልክት ሳይታይ የይለፍ ቃልን በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል፤ ሰዎች ሲገደዱ ደካማና ተገማች ቃል ስለሚመርጡ።

እዚያ የመከርነው በተመዘገበው ኮምፒውተር ላይ ሠራተኞች በአጭር የግል ቁጥር በሰከንዶች ውስጥ እንዲቀያየሩ፣ እያንዳንዱ የሠራው በስሙ እንዲመዘገብ ነው። ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ወይም መዝገብ ሲሰረዝ ግን ሙሉው የይለፍ ቃል እንደገና ይጠየቃል፤ ይህ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመጣ የሚማረርበት አልነበረም። ቆይቼ ስመለስ ኪቦርዱን አንሥቼ አየሁ፤ የፕላስተሩ ሙጫ ብቻ ቀርቶ ነበር።